ጉበትን ለምትለኩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ጉበት ቻይ አካል ነው። ብዙው ክፍሉ ተጎድቶም ባለቤቱ እርሻውን ያርሳል፣ ንግዱን ይነግዳል። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ደጃችን ሲደርስ ግን ነገሩ ከርሟል። ስለዚህ ሕመሙ እስኪናገር አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ለኩት። ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚሁ ሥራ ነውና ስለ ልኬት የማውቀውን ስሙኝ።

የእኛ ዘመን መሣሪያ መዳፍ ነበር። ሰሊጥ ሊያጭዱ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ወርደው ካላዛር ይዟቸው የሚመለሱ ወጣቶችን ስናክም መምህራችን ጣፊያቸውን ለመዳሰስ እጃችንን ከቀኝ ብሽሽት ያስጀምረን ነበር። ጣፊያ ሲያድግ ወደ እምብርት፣ ከዚያም አልፎ ወደ ቀኝ ስለሚወርድ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚጀምር እጅ ትልቁን ጣፊያ ከላዩ ሆኖ ያጣዋል። አንድ ጊዜ የአንዱ ልጅ ጣፊያ ሕክምናው ሲጀመር «አራት ጣት» ተብሎ ተጻፈ። መድኃኒቱን ሲጨርስ ጣቱ ቀጭን የሆነ ሌላ ሐኪም ዳሰሰውና «አምስት ጣት» አለ። ልጁ ትኩሳቱ ለቆት፣ ምግብ ጀምሮ፣ ክብደት ጨምሮ ሳለ «መድኃኒቱ አልያዘለትም» ተብሎ ድጋሚ ሊታከም ነበር። መምህራችን የልብስ ሰፊ ሜትር አስመጣ፤ የጣፊያውን ጫፍ በእስክሪብቶ ሆዱ ላይ አስምልክቶ ከጎድን አጥንቱ ጠርዝ ጀምሮ በሴንቲሜትር አስለካን። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል በጣት የለካ አልነበረም። ለካኝ በተለወጠ ቁጥር የሚለወጥ መለኪያ ከወሬ አይለይም።

በኋላ አልትራሳውንድ መጣ፤ እኔም ከአንድ ቡድን ጋር ጄኔሬተር ጭኜ በጣና ዙሪያ ወደ ደንቢያ ወረድኩ። እዚያ የነበረብን ጣጣ ቢልሃርዝያ ነው። የቢልሃርዝያው ትል እንቁላል በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ባሉት የፖርታል ደም ሥር ቅርንጫፎች ይቀረቀራል፤ ሰውነት ሊከብበው ሲታገል ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው የደም ሥሮቹን ተከትሎ ይሄዳል፤ በስክሪኑ ላይም ነጭና ወፍራም ሆኖ ይታያል። ደሙ መተላለፊያ ሲጠበው ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጣፊያ ያብጣል፣ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮች ይወጠራሉ፣ አንድ ቀን ይፈነዱና ሰውየው ደም ያስታውካል። የሚያሳዝነው የጉበቱ ሥራ ለብዙ ጊዜ ስለማይጎድል የደም ምርመራው «ጤነኛ ነህ» ሊለው መቻሉ ነው። እውነቱን የሚናገረው ምስሉ ነው።

ታዲያ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሕፃናቱን አሰልፈን ስናይ፣ አንድ ብርቱ ወጣት ባለሙያ የአንዲት ትንሽ ልጅን ፖርታል ደም ሥር ለክቶ «11 ሚሊ ሜትር፣ ጤነኛ» ብሎ ሊያሳልፋት ነበር። ለአዋቂ ሰው እውነት ነው፤ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ድረስ ማንም አይደነግጥም። ያቺ ልጅ ግን ደረቴ ላይ እንኳን አትደርስም። ቁመቷን ለክተን በቁመት ከተሰላው ሰንጠረዥ ጋር ስናስተያየው የደም ሥሩ ከልኩ በላይ ሰፍቶ ተገኘ፤ ጉበቷን ደግመን ስናይም ነጩ ጠባሳ በግልጽ ታየ። ይህን ቀድመው ያሰቡ ሰዎች በኒጀር ዋና ከተማ በኒያሜ ተሰብስበው የጀመሩት፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው መመሪያ አለ። የጉበቱን መልክ በፊደል ከፋፍሎ ያሳያል፤ የደም ሥሩና የጣፊያው ልክ በቁመት እንዲነበብ ያዛል። ያለ ቁመት የተጻፈ የሕፃን ልኬት ለማንም አይጠቅምም። ልጅቷ መድኃኒቷን ፕራዚኳንቴልን ውጣ ሄደች።

  

በአንድ ሆስፒታል ስሠራ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሚወጡት የአልትራሳውንድ ውጤቶች አልገጥም ብለው ሐኪሞቹ ይጣሉ ነበር። ቆሜ ተመለከትኩ። ጠዋት የሚገባው ታካሚ ጦሙን ነው፤ ከሰዓት የሚገባው ምሳውን በልቷል። ምግብ ሲገባ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ይጨምራል፣ ፖርታል ደም ሥሩም ይሰፋል። ትንፋሽ በደንብ ሲሳብም እንዲሁ። አንዱ ባለሙያ «ትንፋሽ ይሳቡና ይያዙ» ይላል፤ ሌላው ምንም አይልም። ከዚያ በኋላ ሁሉም በጦም፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ትንፋሽ፣ ሁሉም በአንድ ቦታ ላይ እንዲለካ ተስማማን፤ ጠቡም ቀረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በጥድፊያ የተለካም እንዲሁ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ትዝታ የአንድ ነጋዴ ነው። ቤተሰቦቹ ሁለት ወረቀት ይዘው በደስታ መጡ። የቀድሞው «ጉበቱ አብጧል» ይላል፤ አዲሱ «መጠኑ ቀንሷል»። «ዳነልን» ብለው ሊያመሰግኑ ነው የመጡት። አስተኝቼ ሳየው የቀኝ ክፍሉ ተጨማዷል፣ ገጽታው ጎርበጥባጣ ሆኗል፣ በስተኋላ ያለው ትንሹ ክፍል ግን የሌላውን ጉድለት ሊሸፍን ያደገ ይመስል ሰፍቷል። ጣፊያው ጎኑን ሞልቶታል፣ ከጉበቱ ጠርዝ ሥርም ቀጭን ውሃ አለ። ያ ሰው የጉበት ሲሮሲስ ነበረበት። ለቤተሰቡ መናገሩ ቢከብድም ተናገርኩ። ትልቅ ጉበት ሁሉ ክፉ፣ ትንሽ ጉበት ሁሉ ደህና አይደለም። ጉበትን ያለ ጣፊያ፣ ጣፊያን ያለ ደም ሥር፣ ደም ሥርን ያለ ታካሚው ታሪክ አታንብቡ።

ዛሬ ደግሞ የጉበትን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ፋይብሮስካን ይሉታል። ቆዳ ላይ ቀስ ብሎ መታ ያደርግና ሞገዱ በጉበት ውስጥ የሚሮጥበትን ፍጥነት ያሰላል፤ ጠባሳ በበዛ ቁጥር ሞገዱ ይፈጥናል። ውጤቱ በኪሎፓስካል ይጻፋል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር ሲጀመር፣ መድኃኒት ለማን ይቅደም የሚለውን ለመወሰን ይህ መሣሪያ አግዟል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ትልቅ በረከት ነው፤ ድሮ ለዚህ ሲባል መርፌ ጉበት ውስጥ ይገባ ነበር። ግን አንዲት ወጣት ቁጥሯን በስልኳ አንስታ፣ «ጉበትሽ አልቋል» ብለዋት እያለቀሰች መጣችብኝ። ስጠይቃት ለካ የተለካችው ቁርሷን በልታ ነው፤ በዚያ ላይ ጉበቷ በወቅቱ በጣም ተቆጥቶ ነበር። ሁለቱም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ቁጣው በርዶ፣ ጦሟን ሆና፣ ቢያንስ 10 ጊዜ በትክክል ተለክቶ መካከለኛው ሲወሰድ ውጤቱ ወርዶ ተገኘ። ሆዱ ውሃ በቋጠረ ሰው ላይ ደግሞ መሣሪያው ጭራሽ አያገለግልም፤ ይህን ሳይጠይቁ የሚያስተኙም አሉ።

ሲሮሲስ ያለበትን ሰው በየ6 ወሩ በአልትራሳውንድ ማየት የሚያስፈልገው ካንሰር በጊዜ እንዲገኝ ነው። ከ1 ሴንቲሜትር በታች የሆነች ምልክት ከታየች ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሳ ትለካለች፤ ማደጓ የሚታወቀው የፊተኛው ልክ ተጽፎ ከተገኘ ብቻ ነው። እኔ ግን ለዓመታት እጄ የገቡት ወረቀቶች «ጉበት በመጠኑ ከፍ ብሏል» የሚሉ ነበሩ። ከምን ከፍ አለ? በስንት? እንዲህ የሚጽፍ ሰው ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ባለሙያ ባዶ እጁን ይተወዋል፤ ታካሚውን ደግሞ ያስከፍለዋል።

ስለዚህ አደራ፣ ልጆቼ። ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን ታካሚ ስታስተኙ «የድሮ ወረቀት ይዘዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከያዘ፣ ከመለካታችሁ በፊት አንብቡት። ካልያዘ፣ ቀኑን፣ ቁመቱን፣ ጦሙን መሆኑንና የለካችሁበትን ቦታ በሚነበብ ጽሕፈት ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ በእጁ ስጡት።