ሕፃን የማያስታውሰው ደስታ

ሕፃን ልጅ ነገ የማያስታውሰውን ደስታ ዛሬ ብንሰጠው፥ ሰጠነው ይባላልን? ይህ ሥራ ፈት ሰው የሚያነሣው ጥያቄ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በዘመናችን በብዙ ቤት በእራት ሰዓት የሚያከራክር ሆኖአል። ወጣት ባልና ሚስት፥ ሁለቱም ደመወዝተኞች፥ ከብዙ ቁጠባ በኋላ ትንንሽ ልጆቻቸውን ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ በአይሮፕላን ወደ ባሕር ዳር ሄደው አንድ ሳምንት ለማረፍ ያስባሉ። ይህን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፥ «ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ባሕር ምን ያደርግለታል? ነገ ለሚረሳው ነገር ይህን ያህል ብር!» ይላል። ወጣቶቹም ይከፋቸዋል፤ የሚመልሱት ግን አያገኙም። እኔ ሽማግሌ ብሆንም በዚህ ነገር ከወጣቶቹ ጋር ነኝ፤ የሚያቀርቡት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ደካማ ስለ ሆነ ከእነርሱም ጋር ጥቂት እከራከራለሁ።

ለእኛ ለደገኞች ባሕር ሩቅ ነገር ነው። ቀድሞ ባሕር ለማየት የፈለገ ወደ ምጽዋ ወይም ወደ አሰብ ይወርድ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ግን አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ልጆቹን ውኃ ዳር ለማሳረፍ ሲሻ በመኪና ወደ ላንጋኖ ይወርዳል፤ እውነተኛውን ባሕር ላሳያቸው ያለ እንደ ሆነም ወደ ሞምባሳ ወይም ወደ ዛንዚባር በአይሮፕላን መሄድ አለበት። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ጂኦግራፊ ሳስተምር ባሕርን በሰማያዊ ጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣልሁት እንጂ አይቼው አላውቅም ነበር። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት የውጭ አገር መምህርት ትልቅ የባሕር ዛጎል ነበራት፤ በተራ እየተቀበልን ወደ ጆሯችን አስጠግተን የባሕሩን ድምፅ እንሰማ ነበር። ያ ድምፅ የባሕር ሳይሆን በዙሪያችን ያለው ጫጫታ በዛጎሉ ውስጥ ሲያስተጋባ የሚሰማ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ አባት፥ ልጄ ባሕርን በዓይኑ ይየው ቢል፥ ነገሩ ቅንጦት ብቻ ነው ብዬ አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። ሰው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ያየውንና የሰማውን ካደገ በኋላ አብዛኛውን እንደማያስታውስ የታወቀ ነው። አውግስጢኖስ እንኳ በኑዛዜ መጽሐፉ ስለ ሕፃንነቱ ሲናገር ያንን ዘመን ከሰዎች ሰምቶ እንጂ ራሱ አስታውሶት እንዳልሆነ ይገልጣል። ታዲያ የማይታወስ ሁሉ የጠፋ ነው ካልን፥ እናት ያጠባችው ጡት፥ አያት በጀርባዋ አዝላ ያዜመችው እሹሩሩ፥ ሌሊት ትኩሳት ሲይዘው የታደረው ሌሊት ሁሉ የጠፋ ነው ማለታችን ነው። ይህን ደግሞ የሚል ሽማግሌ አላጋጠመኝም።

ከዚህ የሚጠነክር ሌላ ማስረጃ አለ። አንድ ሰው የአንድ ዓመት ሕፃን ሲገርፍ ብናገኘውና «ግድ የለም፤ ሲያድግ አያስታውሰውም» ብሎ ቢመልስልን ምን እንለዋለን? ጭካኔው በዚህ መልስ አይቀልለትም፤ እንዲያውም ይብስበታል። ሕፃኑ የተሠቃየው በዚያች ሰዓት ነው፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ ሥቃዩ ሙሉ ነበር። እንግዲህ የማይታወስ ሥቃይ ሥቃይ ከሆነ፥ የማይታወስ ደስታ ደስታ የማይሆነው በምን ሕግ ነው? ሚዛኑን ለክፉው አንድ፥ ለበጎው ሌላ ማድረግ አይገባም። ልጁ ማዕበሉ እግሩን ሲነካው የሳቀው ሳቅ፥ ሀያ ዓመት ቆይቶ ምስክር የሚያስፈልገው አይደለም።

ነገር ግን ወጣቶቹ በዚህ አይደሰቱ። የሁለት ዓመት ልጅ ለመሳቅ የግድ ባሕር አያስፈልገውም። በግቢው ውስጥ አንድ ሳፋ ውኃና አንድ ጣሳ ቢሰጡት ልብሱ እስኪረጥብ ድረስ ይሥቃል። ባለፈው ዓመት ልጄና ሚስቱ ሞምባሳ ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ነበር። ትንሹ የልጅ ልጄ በመጀመሪያው ቀን ባሕሩን አየና አለቀሰ፤ በሁለተኛው ቀን ፊቱን አዞረበት፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ውኃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ የቀሩትን የሸርጣን ጕድጓዶች አግኝቶ ከዚያ የሚያነሣው ጠፋ። በዚያ አገር ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፥ ይጐድላል፤ በትልቁ ሙላት ጊዜ ልዩነቱ እስከ ሦስት ሜትር ይደርሳል፤ በሚጐድልበትም ሰዓት ባሕሩ ውስጥ ያለው የዛጎል ድንጋይ ብቅ ይላል። ትልቋ፥ አምስት ዓመቷ ነው፥ «አባባ፥ ውኃው የት ሄደ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ጨረቃ መሳብ ነገርኋት። «ታዲያ ጨረቃ ቀን የት አለች?» አለች። ትንሹ ይህ ሁሉ አልገደደውም፤ እርሱ ከሸርጣኑ ጋር ነበር።

ስለዚህ እውነቱን እንናገር፤ ወደ ባሕር የሚሄዱት በመጀመሪያ ወላጆቹ ራሳቸው ስለ ወደዱ ነው። ይህ ነውር የለበትም። ዓመቱን ሙሉ ማለዳ ተነሥቶ በታክሲ ሰልፍ የሚቆም ሰው፥ ሳምንት ያህል ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ያለ ሰዓት መቀመጥ ቢወድ ማን ይከለክለዋል? ነውሩ የራስን ውድ በልጅ ስም መሰየምና በኋላ ዋጋውን ከልጁ መጠየቅ ነው። በዚያው ባሕር ዳር አንድ አባት የሦስት ዓመት ልጁን እየጮኸ ወደ ማዕበሉ ሲጐትተው አየሁ፤ እናቲቱ ፎቶግራፍ ለማንሣት ቴሌፎኗን አዘጋጅታ ቆማለች። «ስንት ብር አውጥተን መጣንልህ! ሣቅ እንጂ!» ይለዋል። ልጁ ግን ምንም አልተበደረም። በእነርሱ ምኞት ወደማያውቀው ነገር ተወስዶ ፈራ፤ ይኸው ነው። ፍርሃቱን ደግሞ ፎቶግራፉ አያሳይም፤ ምክንያቱም በመጨረሻ ከረሜላ ሰጥተው አሣቁት። ሲያድግ ያንን ሥዕል እያሳዩ «ባሕር እንዴት ትወድ ነበር!» ይሉታል፤ እርሱም ያምናቸዋል። ሕፃን የማያስታውስ መሆኑ የሚያስፈራኝ እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ስለ ባከነ ሳይሆን፥ ስለዚያ ቀን ወላጆቹ የሚነግሩትን ሁሉ ስለሚቀበል ነው።

ስለ አይሮፕላኑም ጥቂት ልበል፤ ፈቅዶ ያልመጣን ልጅ ማሠቃየት ከባሕሩ በፊት በዚያ ሊጀምር ይችላልና። ብዙ ወላጆች አይሮፕላኑ ሲነሣ የልጁን ጆሮ ያመዋል ብለው ይሠጋሉ። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ግን ይበልጥ የሚያሠጋው መውረዱ ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ አይሮፕላኑ የቱንም ያህል ወደ ላይ ቢወጣ፥ በውስጡ ያለው አየር በ2400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ካለው አየር ይበልጥ እንዳይሳሳ ተደርጎ ይጠበቃል። ስለዚህ የእኛ ልጅ በሰማይ ሳለ የሚተነፍሰው የሰፈሩን አየር የመሰለ ነው፤ ወደ ባሕር ወለል ሲወርድ ግን የአየሩ ግፊት ይጨምራል፤ ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚያደርሰው ቧንቧ ደግሞ በሕፃናት ዘንድ ጠባብ ስለ ሆነ ሕመሙ ይጸናል። ሕፃኑ ጡት ሲጠባ ወይም ውኃ ሲጠጣ መዋጡ ያንን ቧንቧ ይከፍትለታል። ይህን የምታውቅ እናት ጡጦውን ለመውረጃው ታቆያለች።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ልጁ ያለቅስ ይሆናል። ያን ጊዜ በአጠገቡ የተቀመጠው ሰው ፊቱን ሲያጠቁር፥ እናቲቱ እንደ ወንጀለኛ አንገቷን ስትደፋ አይቻለሁ። በእኔ አስተያየት ከወላጅ የሚፈለገው መሞከር ነው፤ መሳካቱ አይደለም። ሲያባብል፥ ሲያዝል፥ ሲያጠጣ የታየ ወላጅ ይቅርታ የሚጠይቅበት ነገር የለውም። ጆሮውን ደፍኖ የሚያንቀላፋ ወላጅ ግን፥ ፊታቸውን ያጠቆሩት ሰዎች እውነት አላቸው።

ሽማግሌዎቹ የሚያነሡት ሌላው ነገር ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው፤ ይኸውም፥ «እናትህ በገጠር ጣሪያዋ ሲያፈስ አንተ ባሕር ዳር ትተኛለህን?» የሚለው ነው። ይህን በቀላሉ የሚመልስ ሰው አላምነውም። በዓለም ላይ ችግረኛ እስካለ ድረስ ማንም አይደሰት ካልን ደስታን ፈጽሞ መከልከላችን ነው፤ ችግረኛው ራሱ እንኳ በፋሲካ ዶሮ ያርዳል። ነገር ግን የሚፈሰው ጣሪያ የታወቀ፥ የሚጠገንበትም ዋጋ ከአንድ የአይሮፕላን ቲኬት የማይበልጥ ከሆነ፥ በመጀመሪያ ጣሪያው ይጠገን፤ ባሕሩ ለከርሞም በቦታው ነው። ከብድር አውጥቶ መሄድንም አልደግፍም። ለዚሁ ተብሎ በተጣለ ዕቁብ የሚሄድ ሰው ግን ልቡ ያርፋል፤ ቢዘገይም።

ስለ ወባ ሐኪም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ሰውነቱ ወባን አልተለማመደም፤ የባሕሩ ዳር ደግሞ የወባ አገር ነው። ከተመለሱ ከሳምንትና ከዚያም በኋላ ትኩሳት ቢነሣበት የት እንደ ነበረ ለሐኪሙ መንገር ያሻል።

በጉዞ ጊዜ የልጆቹን ሞግዚት ይዘው የሚሄዱ አሉ። ወላጆቹ እንዲያርፉ እርስዋ ልጆቹን ትይዛለች፤ ደመወዟም ስለ ሆነ ይህ አያስነቅፍም። ነገር ግን በዚያ ሳምንት አንዲት ከገጠር የመጣች፥ ዕድሜዋ ሀያ እንኳ የማይሞላ ልጅ በዛፍ ጥላ ሥር ሕፃን አቅፋ ስድስት ቀን ሙሉ ባሕሩን ከሩቅ ስታይ ተመልክቻለሁ። ሕፃኑ አያስታውሰውም፤ እርስዋ ግን ታስታውሰዋለች። ወላጆቹ አንድ ጥዋት ልጆቹን ራሳቸው ይያዙና እርስዋ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ትቁም።