የደሴት እንግዳና ዕዳው

ሰው ኑሮው በጠበበው ወይም ሥራው በቀዘቀዘበት ጊዜ ዓይኑን ወደ ሩቅ አገር ማንሳቱ የቆየ ልማድ ነው። ከሩቅ አገርም ሁሉ ይበልጥ ሐሳብን የሚማርከው ደሴት ነው። ዙሪያውን በውኃ የታጠረ፣ ብርድ የማይገባበት፣ ፍሬው ከዛፉ የሚረግፍበት፣ አለቃና ዕዳ ጠያቂ የማይደርስበት ምድር አለ ተብሎ ይታሰባል። ወደዚያ የተሻገረ ሰው የቀድሞ ሒሳቡ ተዘግቶ ኑሮውን ከሀ ብሎ የሚጀምር ይመስለዋል። ይህን ምኞት ከሌላው ይልቅ አጥብቀው የያዙት የኪነ ጥበብ ሰዎች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ለመሆኑ ሥራዬን ልሥራ ብሎ ወደ ሰው ደሴት የሄደ ሰው ለማን ዕዳ ይገባል? ሥራው ታላቅ ሆኖ ቢገኝስ ዕዳው ይሠረዝለታልን?

በኢትዮጵያ ደሴት ሲባል ቀድሞ በሐሳብ የሚመጣው ጣና ነው። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ወዳሉት ገዳማት የሚገባ መናኝ ርስቱንና ሀብቱን በየብስ ትቶ ይሻገራል፤ ገብቶም ለማኅበሩ ሥርዓት ይታዘዛል፣ ከማኅበሩ ጋር ይሠራል፣ ከማኅበሩ ጋር ይቆርሳል። ስለዚህ ምናኔ ከዓለም መለየት ቢሆንም ከሰው ዕዳ ነፃ መውጣት አይደለም። እዚህ ለጥያቄ የሚቀርበው ደሴተኛ ግን ከመናኙ የተለየ ነው። እርሱ የሚሻገረው ሊተው ሳይሆን ሊያገኝ ነው። የሚያርፈውም በሰው ቤት ነውና ከሁሉ አስቀድሞ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ከሰነበተ ጨርቅ እንደሚሆን አበው ተርተዋል። ተረቱ ስለ ባለቤቱ ስስት ብቻ የተነገረ ተደርጎ መወሰዱ አያጠግብም፤ የሰነበተ እንግዳ የቤቱን ሥራና ችግር ካልተካፈለ ማዕረጉ እንደሚወርድ ጭምር ያስረዳል።

ጥያቄውን አጉልቶ የሚያሳየው የፈረንሳዩ ሠዓሊ የፖል ጎጋን ታሪክ ነው። ጎጋን በፓሪስ የአክሲዮን ገበያ ሠራተኛ የነበረ፣ ከዴንማርካዊት ሚስቱ አምስት ልጆች ያፈራ ሰው ነው። ገበያው በ1882 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከወደቀ በኋላ ሥራውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለሥዕል ሰጠ፤ ሚስቱና ልጆቹም ወደ ኮፐንሃገን ሄዱ። በ1891 ሥዕሎቹን በጨረታ ሸጦ በሰላማዊ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ወደ ታሂቲ ተሻገረ። ከገንዘብና ከአውሮፓ ሥልጣኔ ሸሽቶ ባልተበከለ ምድር ለመኖር መሄዱን ደጋግሞ ተናግሯል። ዳሩ ግን በኪሱ የያዘው ከፈረንሳይ መንግሥት የተሰጠውን የተልእኮ ደብዳቤ ነበር፤ በመርከብ ዋጋውም ላይ ቅናሽ የተደረገለት በዚሁ ተልእኮ ምክንያት ነው። ሸሸሁት ባለው መንግሥት ትከሻ ላይ ሆኖ መሻገሩን ልብ ማለት ይገባል።

የጠበቀውን ገነትም አላገኘም። ታሂቲ በ1880 የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሆና ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ፖማሬ አምስተኛ ጎጋን ፓፔቴ በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። የከተማዋ ቤቶች ጣሪያ ቆርቆሮ፣ የሴቶቹ ልብስ ሚስዮናውያን ያለበሱት ረጅም ቀሚስ ሆኖ ጠበቀው። ከዚህ የተነሣ ከከተማው ርቆ ማታይያ በምትባል መንደር ሰፈረ። በዚያም ገንዘብ እያለው ተራበ። ዓሣ ማጥመድ አይችልም፤ ተራራ ወጥቶ ፍሬ ማውረድም አያውቅም፤ የቆርቆሮ ምግብ ደግሞ ውድ ነው። ራሱ እንደ ጻፈው፣ ጎረቤቶቹ ና ብላ ቢሉት አፍሮ እምቢ አለ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ሕፃን ምግብ በቅጠል ጠቅልላ ምንም ሳትናገር በደጁ አኖረችለት። ስለ ታሂቲ ከጻፋቸው ነገሮች ሁሉ ከዚህች ይልቅ እውነት ያለባት ትረካ ማግኘት ያስቸግራል። አረመኔ ሆኜ ልኑር ብሎ የመጣው የሠለጠነ ሰው በሕፃን እጅ ጎረሰ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ምን ነበር? ተሃማና የምትባል ወደ 13 ዓመት የሚሆናት ልጅ አስመጥቶ በቤቱ አኖረ። እርሱ 43 ዓመት አልፎት ነበር፤ ሚስቱም በሕይወት አለች። አንዳንዶች የአገሩ ልማድ ነው፣ ዘመኑም ሌላ ነው በማለት ሊያልፉት ይፈልጋሉ። በኢትዮጵያም ሕፃን መዳር የነበረና ጨርሶም ያልጠፋ በመሆኑ፣ አንባቢ ለመፍረድ ያመነታ ይሆናል። ነገር ግን በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ 15 ዓመት ሳይሞላት ልትዳር አትችልም ነበር። ጎጋን በአገሩ ሊያደርገው የማይችለውን በደሴቱ ያደረገው ልማዱን አክብሮ ነው ማለት ይከብዳል። ልማዱ የሰጠውን ተቀብሎ ልማዱ የሚጠይቀውን ዝምድናና ግዴታ ትቷልና። በ1893 ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ ልጅቷን ትቷት ሄደ፤ በ1895 ሲመጣም ሌላ ሰው አግብታ አገኛት።

በሄደበት ዓመት የሣላት ሥዕል ዛሬ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ይገኛል። ተሃማና ረጅሙን የሚስዮን ቀሚስ ለብሳ፣ ማራገቢያ ይዛ፣ ፊቷን አቅንታ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ የጣዖት ምስልና ማንም ሊያነበው ያልቻለ ጽሕፈት ተሥሎበታል። ጽሕፈቱ የታሂቲ አይደለም፤ በጣም ርቃ ከምትገኘው ከፋሲካ ደሴት ምልክቶች የተኮረጀ ነው። ጎጋን በኋላ በመጽሐፍ ያወጣቸው የጥንት አማልክት ታሪኮችም ቢሆኑ በብዛት የተወሰዱት ሞረንሁት የተባለ ቆንስል በ1837 በፓሪስ ካሳተመው ሥራ ነው። ከእርስዋ ሰማሁ ያለውን ከፈረንሳይኛ መጽሐፍ ቀድቷል ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ ሥዕሉን ቆሞ ላየው ሰው ትልቅ ሥራ ነው። የልጅቷ ዓይን ውስጥ ሠዓሊው ሊገባበት ያልቻለ፣ ሊገባበት አለመቻሉንም ያልደበቀ ነገር አለ። ክርክሩን የሚያከብደው ይኸው ነው። ሥራው ተራ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ቀላል በሆነ ነበር።

የሥነ ጥበብ ጠበቆች እዚህ ላይ የሚያነሱት መከራከሪያ አለ። ሰውየው አልፏል፣ ሥዕሉ ግን ለሰው ልጅ ሁሉ ቀርቷል፤ ስለዚህ ዕዳው ተከፍሏል ይላሉ። ይህ አነጋገር ባለ ዕዳውን ከሌላ አበዳሪ ጋር ያደባልቃል። ሥዕሉን ያተረፈው የፓሪስ፣ የቦስተን፣ የቺካጎና የሞስኮ ተመልካች ነው። በ1892 የሣላቸው የሁለት የታሂቲ ሴቶች ሥዕል በቅርብ ዓመታት ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል፤ ሻጩም ገዢውም የደሴቱ ሰዎች አይደሉም። ተሃማና በ1918 ታሂቲን በፈጀው የኅዳር በሽታ ሞተች። ለማን ምን እንደ ተከፈለ መጠየቅ ነውር ሊሆን አይገባም።

በሌላ በኩል ጎጋን በመጨረሻ ዘመኑ ከቅኝ ገዥዎቹ ጋር መጋጨቱ ሊካድ አይገባም። በ1901 ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች ተሻግሮ አቱኦና በምትባል መንደር ቤት ሠራ። ነዋሪዎቹ ግብር እንዳይከፍሉ፣ ልጆቻቸውንም ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት እንዳይልኩ ቀሰቀሰ፤ የጃንደርሞችን በደል በጽሑፍ አጋለጠ። በዚህም ሳቢያ በ1903 የሦስት ወር እስራትና የ500 ፍራንክ መቀጫ ተፈርዶበት ይግባኙ ሳይታይ በግንቦት ወር ሞተ። ቅስቀሳው እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ራሱም ግብር አልከፍልም ያለ ሰው ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ካስወጣቸው ልጆች አንዷም፣ 14 ዓመት የሆናት ቫኤኦሆ፣ በቤቱ ገባች። ለሕዝብ የቆመበት ቦታና ለራሱ የቆመበት ቦታ የት ላይ እንደሚለያዩ ለማወቅ ያስቸግራል። ይህ ችግር በጎጋን ብቻ የታየ አይደለም፤ በሕዝብ ስም የሚናገር ሰው ሁሉ የሚፈተንበት ነው።

በዚያው ዘመን በሳሞአ የኖረው የስኮትላንዱ ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ነገሩን በሌላ መንገድ ያሳያል። ሳንባውን ታምሞ ሞቃት አየር ፍለጋ የመጣ ሰው ነው፤ በ1890 በኡፖሉ ደሴት መሬት ገዝቶ ቤት ሠራ፣ ሠራተኞችም ቀጠረ። ባለ ርስት ጌታ ነበርና ከነቀፋ ነፃ አይደለም። ሆኖም ጀርመን፣ እንግሊዝና አሜሪካ በደሴቶቹ ላይ ሲሻኮቱ የሚያየውን ዝም ብሎ አላየም። የሳሞአን ችግር የሚገልጽ መጽሐፍ በ1892 አወጣ፤ ለለንደን ጋዜጣም ደጋግሞ ጻፈ። መጽሐፉ ከልብ ወለዶቹ ጋር ሲነጻጸር ብዙ አንባቢ ያገኘ አይደለም፤ ለስሙም ለኪሱም አልጠቀመውም። የማታአፋ ደጋፊ የሆኑ ባላባቶች በታሰሩ ጊዜ እስር ቤት ድረስ እየሄደ ጠየቃቸው። በ1894 ሲፈቱ ባላባቶቹ ደመወዝ ሳይቀበሉ በገዛ እጃቸው እስከ ቤቱ ድረስ መንገድ ጠረጉለት፤ የአፍቃሪ ልብ መንገድ ብለውም ሰየሙት። ባላባት መንገድ መቆፈሩ በሳሞአ ምን ያህል ያልተለመደ እንደ ነበረ የኢትዮጵያ አንባቢ ያለ ማስረጃ ይረዳዋል። በታኅሣሥ ወር 1894 ሲሞት አስከሬኑን ተሸክመው ወደ ቫኤያ ተራራ ያወጡት ሳሞአውያን ናቸው።

ጎጋንም ስቲቨንሰንም የተሻገሩት ወደውና መርጠው ነው። ሳይመርጡ የሄዱም አሉ። ከኩባ በስተ ደቡብ የምትገኘውና ፒኖስ ትባል የነበረችው ደሴት በ1978 የወጣቶች ደሴት ተብላ ተሰየመች። ቀድሞ በእስር ቤቷ ትታወቅ ነበር፤ ፊደል ካስትሮ ራሱ ከ1953 እስከ 1955 የታሰረው በዚያ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከሌሎችም አገሮች ልጆች ጋር በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደዚያ ተላኩ፤ ከመካከላቸው በ1977 እና በ1978 በተካሄደው የኦጋዴን ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ ብዙዎች ነበሩ። በዚያው ጦርነት ኩባውያን ወታደሮችም ሞተዋል። ልጆቹ ግማሹን ቀን ይማራሉ፣ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ይሠራሉ። ከእናት ጉያ ወጥቶ ውቅያኖስ የተሻገረ ልጅ በውለታና በሥራ መካከል ያለውን ሒሳብ ገና አያውቅም፤ ሒሳቡን ያወጡለት ሌሎች ናቸው፤ ይህም ራሱ ጥያቄ የሚያስነሳ ነው። የላካቸው መንግሥት በ1991 ሲወድቅ አንዳንዶቹ ለብዙ ዓመታት እዚያው ቀሩ። የተመለሱት በየሙያቸው ተሰማሩ፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ሲገናኙ ወሬያቸውን በአማርኛ ጀምረው በስፓኝ ቋንቋ ይቀጥሉታል።