የምልክት ትርጉም የት ነው?

አድሬናሊን በደም ተጉዞ ሴሉ ዘንድ ሲደርስ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በሽፋኑ ላይ ከተተከለው ቤታ ተቀባይ ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ ተቀባዩም ቅርጹን ይለውጣል። ለውጡ ከሽፋኑ ሥር ያለውን ጂ ፕሮቲን ያነቃል፤ እሱም ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን የውስጥ መልእክተኛ የሚሠራ ኢንዛይም ያስነሳል። መልእክተኛውን ያገኙት ኧርል ሰዘርላንድ በ1971 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል።

ለፍልስፍና ጥያቄ የሚሆነው ቀጣዩ ነው። ያው ሳይክሊክ ኤኤምፒ በልብ ውስጥ ምትን ያፈጥናል፤ በሳንባ ቧንቧዎች ግን ጡንቻን ያላላል፤ በጉበት ደግሞ ግላይኮጅን ወደ ስኳር እንዲፈርስ ያደርጋል። ታዲያ «ፍጠን» ወይም «ላላ» የሚለው ትእዛዝ የተጻፈው የት ነው? በአድሬናሊን ሞለኪውል ላይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ባዮሎጂስቱ ዣክ ሞኖ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በምልክትና በውጤት መካከል የግድ የሆነ ኬሚካዊ ዝምድና እንደሌለ ተከራክረዋል። ፈላስፋዋ ሩት ሚሊካንም የምልክትን ይዘት ለማወቅ ወደ ተጠቃሚው መመልከት ይገባል ይላሉ።

ሌሎች ግን ሴል መልእክት «ያነባል» ማለት ዘይቤ ብቻ ነው፣ ያለው ቅርጽና የኤሌክትሪክ ሙል ነው ብለው ይቃወማሉ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ኮሌራ ያስቸግረዋል። የባክቴሪያው መርዝ በአንጀት ሴል ውስጥ ያለውን ጂ ፕሮቲን እንደነቃ እንዲቀር ያደርገዋል፤ ምንም ሆርሞን ሳይደርሰው ሴሉ ጨውና ውሃ ያፈስሳል። በኬሚስትሪ ብቻ ካየነው እዚህ ስህተት የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱ አጸግብሮት በሕጉ ሄዷል። ስህተት ነው የሚያሰኘው ፕሮቲኑ በተፈጥሮ ምርጫ የተመረጠበት ተግባር ነው።