ወደ ኢጣልያ ከተሞች ስለሚሄዱ ልጆቻችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ከተማችን ፍኖተ ሰላም ከተባለ ወዲህ፥ የስሙን ምሥጢር ስናስተምር የካህኑን የዘካርያስን ጸሎት እናነሣለን፤ ይኸውም አምላክ እግሮቻችንን በሰላም መንገድ ያቀና ዘንድ የለመነበት ነው (ሉቃ. 1፥79)። ዛሬ ግን በዚሁ ከተማና በቡሬ ወጣቶች «መንገድ» ሲሉ ሌላ መንገድ ማለታቸው ነው፤ በመተማ ወደ ሱዳን፥ ከሱዳን ወደ ሊቢያ፥ ከሊቢያ በባሕር ወደ ኢጣልያ።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ «የአቡነ ጴጥሮስን ደም ወዳፈሰሰ አገር ልጅ ይላካልን?» ይላሉ። አነጋገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነትን ተቀብለዋል፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግፍ አልቀዋል፤ ቡሬም እስከ 1933 ዓ.ም. የጠላት ምሽግ ነበረች። ይህ አይረሳም። ነገር ግን ከዚያው ከደብረ ሊባኖስ የወጣ አባ ተስፋ ጽዮን የሚባል መነኩሴ፥ ከዚህ እልቂት 4 መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ በሮማ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ በምትባለው ገዳም ተቀምጦ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳትሟል። አታሚዎቹ ፊደላችንን አያውቁም፥ እርሱም የኅትመትን ሥራ አልተማረም ነበርና፥ ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ለምኗል። ከካቶሊኮች ጋር ስለ ነበረው ግንኙነት የሚነሣው ነገር በሌላ ቦታ የሚነገር ነው፤ እኔ ይህን ይቅርታ መለመኑን እጅግ እወድለታለሁ። በአንጻሩ ከጣና ዳር ከዘጌ የወጡት አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በቱሪኖ ሥዕል ተምረው፥ በናፖሊ አማርኛ አስተምረው፥ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. በሮማ አሳትመው ሳለ፥ በወረራው ዘመን ከጠላት ጎን ቆሙ። ሁለቱም የሄዱት ወደ አንድ አገር ነው።

እኛም ካህናት ብንሆን ከወላጅ ቤት ሳንወጣ የተማርን ጥቂት ነን። ቅኔ ለመቁጠር ወደ ዋሸራ፥ ወደ ደብረ ኤልያስ፥ ወደ ዲማ ስንሄድ ደበሎ ለብሰን፥ አኮፋዳ አንግተን፥ ከውሻ እየታገልን ለምነናል፤ ብዙዎቻችንም እናታችንን ሳንሰናበት ጠፍተን ነው የሄድነው። ስለዚህ «መሰደድ ኃጢአት ነው» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። የሚያስጨንቀኝ የአካሄዱ ነገር ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ኢጣልያ የሄደው ከእስረኞች ጋር በመርከብ ነው (የሐዋ. 27)። የጾሙ ወራት አልፎ ባሕሩ የሚያስፈራ ሆኖ ሳለ፥ ጉዞው ጥፋት እንደሚያመጣ አስጠነቀቀ፤ የመቶ አለቃው ግን ከጳውሎስ ቃል ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤት አመነ። የዛሬውም ወጣት ከንስሐ አባቱ ይልቅ ደላላውን ያምናል። በዚያ መርከብ 276 ነፍስ ነበረ፤ መርከቡም ቢሰበር በእግዚአብሔር ቸርነት ሁሉም በደሴቲቱ ዳርቻ ዳኑ። የዘመናችን ጀልባ እንዲህ አይደለም። በመስከረም 2006 ዓ.ም. በላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ በአንድ ቀን ከ360 በላይ ሰዎች፥ የሚበዙት ኤርትራውያን ወንድሞቻችን፥ ሰጥመው ቀሩ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በሊቢያ ስለ እምነታቸው መገደላቸውን ሰምተን አለቀስን።

ጳውሎስ አስጠንቅቋል፤ እኔ ግን በዚህ ነገር በድያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቡሬ አጠገብ ካለች የገጠር አጥቢያ አንዲት የንስሐ ልጄ መጥታ «የኔታ፥ ልጄ ወደ ኢጣልያ ሊሄድ ነውና ይባርኩልኝ» አለችኝ። በሬ ሸጠው መሬት እንዳከራዩ ሰምቼ ነበር። መስቀል አሳልሜ፥ ጸበል ረጭቼ ሸኘሁት። «በየት ነው የምትሄደው? ገንዘቡንስ የሚቀበልህ ማን ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ ኖሮ መባረኩ እንደሚያስቸግረኝ ዐውቄ ነበርና። አብሮት የወጣው የዚያው አጥቢያ ልጅ ሊቢያ ከደረሰ በኋላ ወሬው ጠፋ። እናቱ ሞቷል ብላ ፍትሐት እንዳታስፈታ፥ አለ ብላ እንዳትጽናና ሆና እስከ ዛሬ ተቀምጣለች። «የኔታ፥ ስሙን የሚጠሩልኝ ከሙታን ጋር ነው ወይስ ከሕያዋን?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። ከሕያዋን ጋር እጠራዋለሁ።

የንስሐ ልጄ ልጅ ግን ደርሶ በሚላኖ አንድ አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ ያስታምማል። በስልክ ብዙ ይጠይቀኛል። ረቡዕ ለሽማግሌው ሥጋ ቢቀቅል ጾሙ ይፈርስ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለታመመ ማብሰል ምጽዋት ነው አልሁት። አንድ ቀን ግን ድምፁ ተለውጦ፥ የሽማግሌው አባት በአገራችን የዘመተ ወታደር እንደ ነበረ፥ ፎቶግራፉም ከአልጋው በላይ እንደ ተሰቀለ ነገረኝ። «የኔታ፥ ገላውን ሳጥበው አያቴን የከዳሁ ይመስለኛል» አለ። ጥቂት ዝም አልሁ፤ የእኔም አያት በዚያ ዘመን አርበኛ ነበሩና። በኋላ ጠላት ቢራብ ይመገብ ዘንድ፥ ቢጠማም ይጠጣ ዘንድ ሐዋርያው ያዘዘበትን ምዕራፍ (ሮሜ 12፥20) እንዲያነብ ነገርሁት። ያ መልእክት የተላከው ለማን እንደ ሆነ ልብ በል፥ ለሮማ ሰዎች ነው አልሁት። ሽማግሌው ደግሞ ጠላት አይደለም፤ የጠላት ልጅ ነው፥ አሁንም ሕመምተኛ ነው። ፎቶግራፉን እያየህ የአያትህን ስም በጸሎት ጥራ፥ እጅህ ግን ከማጠብ አይቦዝን ብዬ ዘጋሁ።

ሌላም አንድ ነገር አዘዝሁት። ጳውሎስ ወደ ሮማ ሲቃረብ ወንድሞች እስከ አፍዩስ ፋሩስ ወጥተው ተቀብለውት ነበር፤ ባያቸውም ጊዜ ልቡ ተጽናና (የሐዋ. 28፥15)። አንተም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዲስ የመጣ የአገርህን ልጅ ሳትፈልግ ወደ ቤትህ አትግባ አልሁት። እያደረገው ነው።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ወጣት ከፍኖተ ሰላም መጥቶ እንድባርከው ለመነኝ። መስቀሉን ከማሳለሜ በፊት አስቀምጬ «በየት ነው?» አልሁት። «በመተማ» አለኝ። ስለ ጠፋው ልጅ እናት ነገርሁት፤ በትምህርት ወይም በሥራ ፈቃድ፥ ፓስፖርት ይዞ በአዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ በኩል የሚኬድበትንም አወሳሁለት። እስከ ሠርክ ጸሎት ተነጋገርን። መሄዱን አልተወም፤ ገንዘቡን ግን ለደላላው ገና አልሰጠም።