ብቸኝነትን ፍለጋ የጎረፉ ሰዎች

ውብ ስፍራን አይቶ ለሌላው አለመናገር ንፉግነት ነውን? ወይስ ጥንቃቄ? ጥያቄው ለሥነ ምግባር መምህራን ብቻ የሚተው ቢመስልም፣ በታይላንድ አገር፣ በአንዳማን ባሕር፣ በአንድ ጠባብ የባሕር ዳርቻ እንጀራንም ሕግንም የሚነካ ጉዳይ ሆኗል።

ዳርቻው የማያ ወሽመጥ ይባላል። በፒ ፒ ሌ ደሴት ቀጥ ብለው የቆሙ የኖራ ድንጋይ ገደሎች ከበውት፣ ነጭ አሸዋውንና ጥርት ያለ ውኃውን ከዓለም የሸሸጉት ይመስላል። አሌክስ ጋርላንድ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው ልቦለድ ከሰው ዓይን ስለተሰወረ የባሕር ዳርቻና ምስጢሩን ለመጠበቅ ሲሉ እስከ መጨካከን ስለሚደርሱ ወጣቶች ይተርካል። ልቦለዱ ወደ ፊልም ሲለወጥ ቀረጻው የተካሄደው በዚህ ወሽመጥ ነበር። የሚገርመው፣ የምድራዊ ገነት ምሳሌ እንዲሆን የተመረጠው ስፍራ ለፊልም ሠሪዎቹ ዓይን ስላልበቃ አሸዋው ተደልድሎ ዘንባባ ተተከለበት። በዚህም የተነሣ ክስ ተመሠረተ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2000 ከታየ በኋላ የመጣው ግን ከዚያ የከፋ ነው። ከጊዜ በኋላ በቀን እስከ 5 ሺህ የሚደርስ ሰው በሞተር ጀልባ ይጎርፍ ጀመር፤ አብዛኛውም ሰው የሌለበትን ስፍራ ሊያይ የመጣ ነበር። መልሕቁ ኮራሉን ይሰብራል፤ ዋናተኛው ይረግጠዋል፤ በመተንፈሻ ቱቦ እየታገዘ ፊቱን ውኃ ውስጥ ደፍቶ ዓሣ የሚያደንቀውም ሰው የተቀባውን የፀሐይ መከላከያ ቅባት በባሕሩ ይታጠባል። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕያው ነው፤ ብዙው ዓይነት በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? እያንዳንዱ እንግዳ አንድ ቀን ዋኝቶ ሄደ፤ እርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባሕሩ ከቁም ነገርም ባልቆጠረው። አበው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላሉ። እኛም በዚሁ ብሂል ያደግን ነንና መካፈልን ከመልካም ነገር ሁሉ እናስበልጣለን። ነገር ግን ብሂሉ የተነገረው ለገበታ ነው፤ እንጀራ ነገም ይጋገራል። በሳንቃ ማዕበል የሚጋልብ ሰውም ቢሆን ማዕበሉን አይጨርሰውም፤ ከኋላው ሌላ ይመጣል (በተራው ምክንያት ጠብ መነሣቱ ሳይቀር)። የኮራል ደን ግን ሁሉም እጁን ሲሰድበት ለማንም የማይተርፍ ማዕድ ነው።

ወሽመጡ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ለአራት ወራት ተብሎ ተዘጋ፤ የተከፈተው ግን በጥር 2022 ነው። ሲከፈትም ጀልባዎች በደሴቲቱ ጀርባ እንዲቆሙ፣ የጎብኚው ቁጥር እንዲወሰን፣ መዋኘትም እንዲቀር ተደረገ። ይህ ጸሐፊ ክልከላውን የሚደግፈው ያለ ማመንታት አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ገቢው የተቋረጠበት ባለ ጀልባ አለ፤ ደግሞም ያልገቡበት ባሕር በግማሽ ብቻ የታወቀ ባሕር ነው። ይሁንና ሌላው የመጠበቂያ ዘዴ ዋጋ ነው፤ ይኸውም ስፍራውን ለጥቂት ባለጸጎች ትቶ ብዙኃኑን በገንዘብ ግንብ ማገድ። የመዋኘት ክልከላው ቢያንስ ባለጸጋውንም ድኻውንም እኩል ከውኃው ያስወጣል።

ክንፋቸው ጫፉ ላይ የጠቆረ ሻርኮች ሰው በሌለባቸው ወራት ተመልሰው፣ ቀድሞ ዋናተኛ ይንቦጫረቅበት በነበረው ጥልቀት በሌለው ውኃ ይዘዋወሩ ጀመር። እንግዶቹም በአሸዋው ላይ ቆመው ይመለከቷቸዋል።