ከወር አበባ በፊት ላሉት ቀናት

ልጆቼ፣ የወር አበባ ሊመጣ ሲል መነጫነጭ፣ ሆድ መነፋት፣ ጡት ማመም የብዙ ሴት ነገር ነው። ይህን የምጽፈው ከዚያ ላለፈባችሁ ነው፤ ሳምንት ሲቀረው ዓለም ለሚጨልምባችሁ፣ የምትወዱትን ሰው በክፉ ቃል ለምታቆስሉ፣ ደሙ በመጣ በሁለት በሦስት ቀን ደግሞ «ምን ነክቶኝ ነበር?» ለምትሉ።

ይህ ዓመል አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል። ሆርሞኑ በዝቶ ወይም አንሶ ሳይሆን፣ አንጎል የተለመደውን የሆርሞን መዋዠቅ መቋቋም ስለሚያቅተው ነው። ስለዚህ «የደም ምርመራሽ ደህና ነው» ብትባሉ፣ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። ማታ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ለሐዘኑ፣ ለንዴቱ፣ ለጭንቀቱ፣ ለእንቅልፉ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ስጡ፤ ሁለት የወር አበባ ዙር ሙሉ። ወሩን ሙሉ ከከፋችሁ ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናውም ይለያል። ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ምን ይሠራል? ባል «ወጡ ጨው አንሶታል» አለ እንበል። በዚያ ሳምንት ልብ የሚሰማው «ጠልቶኛል» የሚለውን ነው። ባለሙያዋ ያንን ሐሳብ በወረቀት ታስጽፋችኋለች፤ ማስረጃው ምንድን ነው? ይህንኑ የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ቢለኝ ምን እል ነበር? ሐዘኑ በአንዴ አይጠፋም፤ ሐሳቡ ግን ጠብ ሳይሆን ይቀራል። የሥራ መልቀቂያም ሆነ የፍቺ ወሬ በዚያ ሳምንት አይነሳ። እውነት ከሆነ ደሙ ከመጣም በኋላ እውነት ነው። ለእኔ የሕክምናው ግማሹ ይኸው ነው።

ለቤተሰብ የምትነግሩት ደህና በሆናችሁበት ቀን ነው፤ በንዴት መሐል የተነገረ ሰበብ ይመስላል።

ንግግሩ ብቻ ካልበቃ መድኃኒት አለ። እንደ ፍሎክሰቲን ያሉትን አንዳንዷ በየቀኑ፣ አንዳንዷ ከወር አበባ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ትወስዳለች፤ የሚወስነው ሐኪም ነው። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ።

የመሞት ሐሳብ ከመጣባችሁ «ደሙ ሲመጣ ይለቀኛል» ብላችሁ አትጠብቁ። የምታምኑትን ሰው ቀስቅሱ፤ በዚያው ሌሊት ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዳችሁ።