አባትየው የት አለ?

በቅርቡ አንዲት ዘመዴን ለእርግዝና ክትትል ይዤ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። አግዳሚው ላይ ሆዳቸው የገፋ ሴቶች ተደርድረዋል፤ ወንድ ግን ለዓይን እንኳ የለም። አንዲት ወጣት ትንሽ ወረቀት ይዛ ወጣችና ወደ ግቢው በር አመራች። ባሏ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። «አንተም ቂጥኝ ተመርመር ብለዋል» አለችው። ቀና ብሎ ሳያያት «እኔ ምን ሆንኩና? ይልቅ ግቢ እንሂድ» አላት። ገባች፤ ሄዱ።

እስካሁን ያንገበግበኛል። ምን ሆንኩና ይባላል? ቂጥኝ እኮ ብዙ ጊዜ የማያም ቁስል ሆኖ ብቅ ይልና ሳይታከም በራሱ ይደርቃል። ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። በሽታው ግን ሰውነቱ ውስጥ አድፍጦ ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱም በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ካልታከሙት እናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጉዳቱን ያዩታል፤ ፅንሱ ይጨነግፋል፣ ሞቶ ይወለዳል፣ ያለ ቀኑ ይመጣል፣ ወይም በሽታውን ይዞ ይወለዳል። ሲወለድ ደህና መስሎ ከሳምንታት በኋላ አፍንጫው መፍሰስ የሚጀምር፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ሽፍ የሚል፣ አጥንቱ ከመታመሙ የተነሳ እጁን ሲነኩት የሚጮህ ሕፃን አለ። አድጎ ጆሮው የሚደነቁር፣ ዓይኑ የሚታወክም አለ። ይህ ልጅ ምን አጠፋ?

ልጅ እየሞተባት «ሾተላይ አለባት» የተባለች ሴት በየሰፈሩ ታውቃላችሁ። ሁሉም የቂጥኝ ጣጣ ነው አልልም፤ የደም አለመጣጣምም ሌላም ምክንያት አለ። ስሙ የሚወጣው ግን ሁልጊዜ ለእርሷ ነው። ጠበል የምትንከራተተው እርሷ፣ በአማት የምትታማው እርሷ፣ በመጨረሻም የምትፈታው እርሷ። «አንተስ ደምህን ታይተሃል?» ብሎ ባልየውን የጠየቀ ማን ነው?

የሚያቃጥለው ደግሞ መድኃኒቱ በእጃችን መሆኑ ነው። ፔኒሲሊን ቂጥኝን ማዳን ከጀመረ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። በሽታው ብዙ ያልቆየ ከሆነ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛታይን ፔኒሲሊን አንድ ጊዜ መወጋት ነው፤ የቆየ ከሆነ በየሳምንቱ አንዴ፣ ሦስት ጊዜ። ምርመራው ከጣት ጫፍ በምትወሰድ ጠብታ ደም ይሠራል፤ ውጤቱም እዚያው ቁጭ ብለው ሳሉ ይደርሳል። እናቲቱ ከመውለዷ ቢያንስ 30 ቀን ቀድማ መታከም አለባት። ግን ተወግታ፣ ድና ቤቷ ስትገባ ያልታከመው ባሏ መልሶ ያስይዛታል! ለክርስትናው በግ የሚያርድ፣ ለአቂቃው ዘመድ አዝማድ የሚጠራ አባት ለዚያው ልጅ አንዲት ጠብታ ደም ይነፍጋል። ፈጣሪስ ምን ይለናል?

ሌላው ደግሞ ጨብጥ ሲይዘው ፋርማሲ ገብቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያለ ማዘዣ እንክብል ይገዛል። ለሚስቱ ትንፍሽ አይልም። እርሷን ያስይዛታል፤ በምጥ ጊዜ ደግሞ የልጁ ዓይን ሊያዝ ይችላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓይኑ አብጦ መግል ይሞላል፤ ቶሎ ካልታከመ ሊታወር ይችላል። እንደተወለደ የሚቀባው የቴትራሳይክሊን ቅባት ለዚሁ ነበር፤ ቤት የተወለደ ልጅ ግን ማን ይቀባዋል? እናንተም ፋርማሲ ከፍታችሁ ፀረ ባክቴሪያ እንደ ከረሜላ የምትቸረችሩ፣ የተማራችሁት ለዚህ ነው? ጨብጥ ስንቱን መድኃኒት ለምዶ አልነቃነቅ ያለው በማን እጅ ሆነና! ማዘዣ ጠይቁ። ሚስትህስ ብላችሁ ጠይቁ። ገንዘብ ሲቀርባችሁ ይቅር።

ወንድሜ፣ ሚስትህ ለክትትል ስትሄድ በር ላይ አትቅር፤ አብረሃት ግባ። ቂጥኙንም፣ ኤች አይ ቪውንም፣ የጉበት ቫይረሱንም ተመርመር። ቂጥኝ ከተገኘባችሁ ሁለታችሁም ሕክምናችሁን ጨርሳችሁ ሐኪም እስኪፈቅድላችሁ ድረስ አብራችሁ አትተኙ። አንቺም እህቴ፣ ባልሽን ለምርመራ የሚጠራውን ወረቀት ቦርሳሽ ውስጥ ደብቀሽ አታስቀሪው። ለባልሽ መንገር ካስፈራሽ ለአዋላጇ ንገሪያት፤ ሁለታችሁን አስቀምጣ ታነጋግራችሁ።